መሸጋገሪያ ቤት፤ ከመግቢያው ይልቅ መውጫው

ባለፈው ክረምት ትምህርት ተዘግቶ ጓደኞቼ ወደየአገራቸው ሲሄዱ፥ እኔ አዲስ አበባ ቀርቼ ነበር። የቀረሁትም ቤት የሌላቸውን እናቶች ከነልጆቻቸው ለጥቂት ወራት በሚያስጠጋ አንድ ማእከል በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ነው። መስከረም ሲጠባ በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ ያገኘኋቸው ሁሉ «ክረምቱን ምን ስትሠራ ከረምህ?» ማለታቸው አልቀረም። ነገሩን ስነግራቸው አንዱ «ታዲያ ምጽዋት ስታድል ከረምሃ!» አለኝ። ሌላው ደግሞ ራሱን ነቅንቆ «ምን ዋጋ አለው? ነገ ተመልሰው እዚያው ጎዳናቸው ላይ ናቸው» አለኝ። የመጀመሪያው አነጋገር ስሕተት መሆኑን ወዲያው ዐውቄአለሁ። ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ ያሳስበኛል፤ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለና። እውነት የሚሆነው መቼና ለምን እንደ ሆነ፥ እንዳይሆንስ ምን መደረግ እንደሚገባው መግለጽ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

መሸጋገሪያ ቤት ማለት ምን ማለት ነው?

አስቀድመን ስሙን እንለይ። ቤት ለሌለው ሰው የሚሰጠው መጠጊያ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የሌሊት ማደሪያ ነው፤ ሰውየው ሲመሽ ይገባል፥ ሲነጋ ይወጣል። ሁለተኛው የዘለቄታ መኖሪያ ነው፤ ለምሳሌ በመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከል የሚጦሩ አረጋውያን «ጊዜያችሁ አልቋልና ውጡ» አይባሉም። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ለሦስት ወር፥ ለስድስት ወር፥ ቢበዛ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ያስጠጋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰውየው በራሱ ቤት ለመኖር የሚያስፈልገውን ነገር እንዲያሰናዳ ያግዘዋል፤ ከዚያም ያሰናብተዋል። መሸጋገሪያ ቤት የምንለው ይህን ሦስተኛውን ነው።

የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል፥ እግሩን ታጥቦ፥ ቤት ያፈራውን ቀምሶ ማደሩ የቆየ የአገራችን ልማድ ነው። ልማዱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የእግዜር እንግዳ ሲነጋ የሚሄድበት አገር አለው፤ ባለቤቱም ስለ ሌሊቱ እንጂ ስለ እንግዳው ነገ አይጨነቅም። የመሸጋገሪያ ቤት ሥራ የሚጀምረው እንግዳው ሲነጋ የሚሄድበት ባጣ ጊዜ ነው።

ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። እኛ ራሳችን የምንኖረው በመሸጋገሪያ ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲው የአልጋ ቍጥር ሰጥቶ፥ የምግብ ካርድ አሲዞ ለጥቂት ዓመታት ያስጠጋናል፤ በመጨረሻው ወር ፍራሹንና ቍልፉን አስረክበን፥ ክሊራንስ አስፈርመን እንወጣለን። በምረቃው ዕለት ፎቶግራፍ ከተነሡ በኋላ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አድርገው «ማታ የት ነው የማድረው?» እያሉ ስልክ የሚደውሉ ተመራቂዎች አይተናል። የእነርሱ ችግር መኝታ ቤቱ መጥፎ መሆኑ አልነበረም፤ ከበሩ ውጭ የሚጠብቃቸው ነገር አለመኖሩ ነው። ልዩነቱ እኛ ዲግሪና ዘመድ ይዘን ስንወጣ፥ እኔ ያየኋቸው እናቶች ሁለቱንም የሌላቸው መሆኑ ነው።

የሚመጡት እነማን ናቸው?

ብዙዎቻችን «ቤት የለሽ» ሲባል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እጁን የሚዘረጋው ሰው ነው። ወደ ማእከሉ ከመጡት አብዛኞቹ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በፊት ሥራና ጣራ የነበራቸው ናቸው። አንዷ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ስታገለግል አርግዛ ሆዷ ሲገፋ የተባረረች ናት። ሌላዋ ከዐረብ አገር ባዶ እጇን ተመልሳ፥ ገንዘብ ትልክላቸው ወደ ነበሩት ቤተ ሰቦቿ ለመሄድ ያፈረች ናት። ሌላዋ የኪራይ ቤቱን የያዘው ባሏ ጥሏት በመሄዱ፥ ባለቤቲቱ «እኔ የማውቀው እርሱን ነው» ብለው ያስወጧት ናት። ኪራይ በአንድ ጊዜ ተጨምሮባት ዕቃዋን ሸጣ የጨረሰችም ነበረች።

ለእነዚህ ሴቶች ክፍት የሆነው ቤት የትኛው ነው? በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የቀበሌ ቤት ለድኻው ርካሽ መጠለያ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን የቀበሌ ቤት የሚለቀቀው እምብዛም ነው፤ በመሃል ከተማም ብዙዎቹ ለመልሶ ማልማት ፈርሰዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ ለብዙ ሰው ጣራ ሆኗል፤ ዕጣው ግን መታወቂያ ይዞ መመዝገብን፥ ከ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ወዲህም በየወሩ በባንክ መቆጠብን ይጠይቃል። እንግዲህ የቀረው በሰው ግቢ ውስጥ የምትከራይ አንዲት ክፍል ናት። የመሸጋገሪያ ቤት ሠራተኛ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ይህችን ክፍል በዓይኑ እያየ ነው።

የሥራው አካሄድ

በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ነገር አይሠራም። እናቲቱ ትታጠባለች፥ ትመረመራለች፥ ከዚያም ትተኛለች። ቀን ትተኛለች፥ ሌሊትም ትተኛለች። እኔ አዲስ ስለ ነበርሁ ይህን እንደ ስንፍና ቈጥሬው፥ ሁላችንም «ሲስተር» ለምንላቸው የማእከሉ ኃላፊ «ይህች ሴት ሥራ የምትወድ አትመስለኝም» ብዬ ነገርኋቸው። እርሳቸውም «በጎዳና ላይ ያለች እናት አንድ ዓይኗን ከፍታ ነው የምታድረው፤ ልጆቿን ማን እንደሚነካባት አታውቅምና። አሁን የምትተኛው ያጣችውን የሁለት ዓመት እንቅልፍ ነው፤ ተዋት» አሉኝ። እውነትም በዐሥረኛው ቀን መጥረጊያውን ከእጄ ተቀበለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሲጠቃለል አራት ነገሮችን ማሰናዳት ነው። እነርሱም ወረቀት፥ ገቢ፥ ክፍልና ሰው ናቸው።

1ኛ፥ ወረቀት። የወረዳ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው መኖሪያ መሸኛ ያስፈልጋል፤ በአዲሱ ወረዳም የታወቀ አድራሻ ያስፈልጋል። አድራሻ ለማግኘት ቤት መከራየት ግድ ነው፤ አከራዩ ደግሞ መታወቂያ ካላየ አያከራይም። ቀጣሪውም መታወቂያና ዋስ ይጠይቃል። ቤት የሌላት ሴት በዚህ ቀለበት ውስጥ ትዞራለች። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የተደነገገው «ፋይዳ» የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ሰውየው ማን እንደ ሆነ ያረጋግጣል እንጂ የወረዳ ነዋሪነትን አይሰጥም። ስለዚህ ከክረምቱ ሥራዬ እኩሌታው በወረዳ ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ነበር። ይህ ሥራ የሚያስጎመጅ አይደለም። ነገር ግን ብቻዋን ስትሄድ «ነገ ነይ» የምትባለው ሴት፥ ደብዳቤ የያዘ ሰው አብሯት ሲቀመጥ በዚያው ቀን ስትስተናገድ አይቻለሁ። የልጆቹም የልደት ማስረጃ በዚሁ መንገድ ይወጣል፤ ልጁም በመንግሥት ትምህርት ቤት ሲመዘገብ በዚያው ምግብ ስለሚያገኝ የእናቲቱ ሸክም በዚያ ልክ ይቀላል።

2ኛ፥ ገቢ። አብዛኞቹ እናቶች እንጀራ መጋገር፥ ልብስ ማጠብ፥ ቡና አፍልቶ መሸጥ ወይም ተመላላሽ የቤት ሠራተኛ መሆን ይችላሉ። ሥራ ሲያገኙ ሁላችንም ደስ ይለናል፥ «ራሷን ቻለች» እንላለን። በዚህ ላይ ግን አንድ የሒሳብ ስሕተት አለ። እናቲቱ በማእከሉ ሳለች ገንዘብ የሚተርፋት ኪራይ ስለማትከፍል፥ ምግብ ስለማትገዛና ልጇን የሚይዝላት ሰው ስላለ ነው። በወጣች ማግሥት ሦስቱም በእርሷ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ እናቲቱ ከመውጣቷ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ወር የኪራዩን ያህል ገንዘብ በየወሩ በስሟ ባንክ እንድታስቀምጥ ያደርጋል። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፤ ገንዘቡ ለመውጫ ይጠራቀማል፥ መክፈል መቻሏና አለመቻሏም ገና በማእከሉ ሳለች ይታወቃል።

3ኛ፥ ክፍል። ክፍሉን የሚያገኘው ዘወትር ደላላ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዝዛል። አንዳንድ አከራዮች ግን ግብሩን ፈርተው «በቃል እንስማማ» ይላሉ። ተከራይዋም ክፍሉ እንዳያመልጣት እሺ ትላለች። የቃል ስምምነት ሰላም ባለበት ጊዜ ይበቃል፤ ጠብ በተነሣ ጊዜ ግን የምታሳየው ነገር የላትም።

4ኛ፥ ሰው። ይህን በመጨረሻ የጻፍሁት እኔም የተረዳሁት በመጨረሻ ስለ ሆነ ነው። ሰው ቤት አለው የሚባለው ጣራ ስላለው ብቻ አይደለም። ልጅ በሌሊት ሲታመም የሚያንኳኳው በር፥ ዱቄት ሲያልቅ የሚበደርበት ጎረቤት፥ ቡና ሲፈላ የሚጠራው ሰው፥ ሲሞትም የሚቀብረው ዕድር ሊኖረው ይገባል። ዕድር ውስጥ ለመግባት በሰፈሩ መታወቅን ይጠይቃል፤ በጎዳና የኖረ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው ይህንኑ መታወቅ ነው።

የእኔ ጥፋት

እዚህ ላይ ስለ አንዲት የሁለት ልጆች እናት መናገር አለብኝ። በሐምሌ መጀመሪያ መታወቂያዋን አግኝታ፥ በአንድ ምግብ ቤት እንጀራ መጋገር ጀምራ፥ ከመሃል ከተማ ራቅ ባለ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ወጣች። የሁለት ወሩን ኪራይ ማእከሉ ከፈለላት፤ ፍራሽ፥ ድስትና ብርድ ልብስ ሰጣት። ውሉ የቃል ነበር። በየሳምንቱ ሄጄ እንድጠይቃት የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሄድሁ፤ ቡና አፍልታ ተቀበለችኝ። በሁለተኛውም ሄድሁ፤ ደኅና ናት። በሦስተኛው ሳምንት ዝናቡ ከረር አለ፤ ታክሲውም ሁለት ቦታ መሣፈር የሚጠይቅ ነበረና «ይህች ሴት ምን ችግር አለባት? ለተቸገሩት ልሥራ» ብዬ ቀረሁ። በአራተኛው ሳምንት ስሄድ ክፍሉ ተቈልፎ አገኘሁት። የግቢው ባለቤት «ለቀቀች» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሲስተር ጃንጥላቸውን ይዘው ተነሡ፥ እኔም ተከተልኋቸው። ያገኘናት አስቀድሞ ትቀመጥበት በነበረው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ፥ ብርድ ልብሱን በልጆቹ ላይ አድርጋ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ትንሹ ልጇ ታሞ ሌሊት ሲያለቅስ ጎረቤቶች አጕረመረሙ፤ እርሷም ሦስት ቀን ከሥራ ቀረች። በዚህ መካከል ባለቤቲቱ ከየት እንደ መጣች ከደላላው ሰምተው ኖሮ «እኔ ከጎዳና ለመጣ ሰው አላከራይም» አሏት። ያልኖረችበት የአንድ ወር ኪራይ በእጃቸው ነበር፤ እርሷ ግን ሳትጠይቅ ወጣች።

«እኅቴ፥ ስልካችን እያለሽ ለምን አልደወልሽልንም?» አልኋት።

«ወንድሜ፥ አሁንስ አላስቸግራችሁ ብዬ ነው» አለችኝ። «የእኔ ድርሻ ያለቀ መስሎኝ። ደግሞም አንተ ስትቀር ጊዜ፥ በቃ ማለታቸው ነው አልሁ።»

ይህን ቃል ስሰማ የምገባበት ጠፋኝ። እኔ የቀረሁት በዝናብ ምክንያት ነው፤ እርሷ ግን መቅረቴን እንደ ስንብት ደብዳቤ አነበበችው። ማታ ወደ ማእከሉ ስንመለስ ሲስተር የሰኔንና የሐምሌን ሪፖርት ከመሳቢያቸው አውጥተው አሳዩኝ። «ራሳቸውን ችለው የወጡ» በሚለው መስመር ላይ ከተጻፈው ቍጥር ውስጥ አንዷ እርሷ ነበረች። ሪፖርቱ ተልኮአል። እርሷ ግን በዚያች ሰዓት በሌላው ክፍል ልጆቿን እንደ ገና ታጥብ ነበር።

እንግዲህ «ነገ ተመልሰው እዚያው ናቸው» ያለኝ ጓደኛዬ እውነት የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰዎቹ ጎዳናውን ስለሚወዱ አይደለም፤ እርዳታው በበሩ ላይ ስለሚቆም ነው።

በሌላ አገር የታየው

«የአንድ ክረምት ትዝብትና የአንዲት ሴት ታሪክ ማስረጃ አይሆንም» የሚል አንባቢ ቢኖር ትክክል ነው። ስለዚህ ነገሩን በብዙ ሰው ላይ የመረመሩ አገሮች ያገኙትን እንመልከት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ኮንግሬስ በ1987 የማኪኒን ሕግ ካወጣ በኋላ ለመሸጋገሪያ ቤት ከመንግሥት ገንዘብ መሰጠት ጀመረ፤ የመቆያው ጊዜ እስከ 24 ወር ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ የአገሩ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት የገንዘቡን ፍሬ ለማወቅ በ12 አካባቢዎች 2,282 ቤተ ሰቦችን የያዘ ጥናት አስጠና። በመጠለያ የነበሩት ቤተ ሰቦች በዕጣ ተከፋፈሉ። ለአንደኛው ወገን የዘለቄታ የኪራይ ድጎማ፥ ለሁለተኛው የአጭር ጊዜ የኪራይ እርዳታ፥ ለሦስተኛው መሸጋገሪያ ቤት ከልዩ ልዩ አገልግሎት ጋር ቀረበለት። አራተኛው ወገን በአካባቢው የተለመደውን እርዳታ ራሱ እንዲፈልግ ተተወ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታይ የዘለቄታ ድጎማ ያገኙት ተመልሰው ቤት የማጣታቸው ነገር ከአራተኛው ወገን በግማሽና ከዚያም በላይ ቀንሶ ተገኘ። መሸጋገሪያ ቤት የተሰጣቸው ግን ለብቻቸው ከተተዉት እምብዛም አልተሻሉም፤ ወርኃዊ ወጪው ደግሞ ከኪራይ ድጎማው የበለጠ ነበር።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ አዘንሁ። ነገር ግን ጥናቱ የሠራተኞቹ ድካም ከንቱ ነው አይልም። የሚለው፥ ሰው ከመሸጋገሪያው ሲወጣ ሊከፍለው የሚችለው ቤት ከሌለ በመሸጋገሪያው ውስጥ የተሰጠው ትምህርትና ምክር ብቻውን ቤት አይሆንለትም ነው።

ፊንላንድ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ገለበጠች። ቀድሞ እንደ ሌላው አገር ሰውየው በደረጃ ይወጣ ነበር፤ መጀመሪያ ማደሪያ፥ ከዚያ መሸጋገሪያ፥ መጠጥ ሲተው ሌላ ቤት፥ በመጨረሻ የራሱ ቤት። ብዙዎች ከመካከለኛው ደረጃ ላይ ይወድቁ ነበር። በ2008 የተጀመረው ፕሮግራም ግን አስቀድሞ ቤቱን ሰጠ፤ ውሉ በሰውየው ስም ሆነ፤ ኪራዩንም እርሱ በአቅሙና በመንግሥት ድጎማ ይከፍላል፤ ደጋፊ ሠራተኛውም ወደ ቤቱ ይመጣለታል። በሄልሲንኪ ከተማ የድኅነት ሠራዊት የተባለው ድርጅት በአልፒካቱ መንገድ ያለውን የብዙ ሰው ማደሪያ በ2012 ወደ 80 ያህል የግል መኖሪያዎች ለወጠው። በከተማይቱ በ2008 የነበረው 558 የማደሪያ አልጋ በ2016 ወደ 52 ወረደ። በ1987 በአገሩ ከ18,000 በላይ የነበረው የቤት አልባ ሰው ቍጥር በ2023 ወደ 3,429 ደረሰ። በ2024 ግን ወደ 3,806 ከፍ ብሏል፤ ይህም ሥራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አለመሆኑን ያስረዳል።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

«እኛ እንደ ፊንላንድ የሚታደል ቤት የለን» የሚለው መልስ እውነት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ለእያንዳንዱ የጎዳና ተዳዳሪ የሚሰጥ ክፍል የለም፤ ስለዚህ መሸጋገሪያ ቤት ገና ያስፈልገናል። ልጆች በዝናብ እያደሩ «የመሸጋገሪያ ቤት ጥቅም አጠራጣሪ ነው» ማለት ጭካኔ ነው። ነገር ግን ከዚያ አገር ሥራ ውስጥ ድንጋይና ሲሚንቶ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው፥ ውሉ በጽሑፍና በነዋሪዋ በራሷ ስም ይሁን። ሕጉ አለን፤ የጎደለው የሚያስፈጽመው ሰው ነው። ሁለተኛው፥ እርዳታው አልጋውን ሳይሆን ሰውየውን ይከተል። ማእከሉ ለአንዲት እናት ከመደበው ጊዜና ገንዘብ ከፊሉ ከወጣች በኋላ ላለው ዓመት ይቀመጥ። ሦስተኛው፥ ቍጥሩ በበሩ ላይ አይቈጠር። «ስንት ወጡ?» ከማለት ይልቅ «ከዓመት በፊት ከወጡት ስንቶቹ ዛሬ በጣራ ሥር ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህ ጥያቄ መልሱ የሚያሳፍር ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሪፖርት የሚጻፈው ለመመስገን ሳይሆን ለማወቅ ነው።

ያች እናት በመስከረም ወር ሁለተኛ ጊዜ ወጣች። በዚህ ጊዜ ውሉ ተጽፎ ተመዝግቧል። ሲስተር በገባችበት ቀን አብረዋት ሄደው፥ ስኳርና ቡና ይዘው፥ የግቢውን ሰዎች ሰብስበው «እኅታችሁ ናት፥ አደራ» አሉ። ከወር በኋላም ወደ ሰፈሩ ዕድር ገባች። ትንሹ ልጅ በኅዳር እንደ ገና ታሞ ነበር፤ በዚያ ሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ የወሰዳት ጎረቤቷ ነው። ይህን በምጽፍበት ጊዜ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ዓመት ሳይሞላ ግን «ተሳካ» ብዬ አልጽፍም።

የተማሪ ድርሻ

ተማሪ ምን ሊያደርግ ይችላል? በየበዓሉ አሮጌ ልብስ ሰብስበን ፎቶግራፍ ተነሥተን እንመለሳለን። ልብሱ አይጠላም። ነገር ግን ማእከሎቹ ከልብስ ይልቅ የሚያጡት የሰው ጊዜ ነው፤ እኛ ደግሞ ገንዘብ የለንም እንጂ ጊዜ አለን።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በዚያ ዘመን የነበሩትን ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ይልክ ነበር። ያ ግዴታ ከቀረ ቆይቷል፤ በፈቃድ የሚሠራው ግን አልተከለከለም። በአገራችን የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 ተከፍቶ፥ በ1974 ተዘግቶ፥ በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደ ገና የተከፈተ ነው። ከሠላሳ ዓመት መቋረጥ በኋላ የባለሙያው ቍጥር ከሥራው ብዛት ጋር ባይመጣጠን አያስደንቅም። የሥነ ጥበባት ፋኩልቲ ተማሪ ባለሙያ አይደለም፥ ባለሙያ ነኝ ማለትም አይገባውም። ነገር ግን ማመልከቻ መጻፍ፥ ወረዳ አብሮ ሄዶ መቀመጥ፥ ለልጆች ፊደል ማስቈጠር፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወጣችውን እናት በወር ሁለት ጊዜ ሄዶ መጠየቅ ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። ይህን የምትጀምሩ ከሆነ ፈተና ሲደርስ የማትተዉት ይሁን። ሁለት ሆናችሁ አንዲት ቤት ያዙ፤ አንዱ ሲታመም ወይም ሲያጠና ሌላው ይሂድ። ለተማሪ አንድ ሳምንት መቅረት ምንም አይደለም፤ በሩን ከፍታ ለምትጠብቅ ሴት ግን ምን ማለት እንደ ሆነ እኔ ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ።

በሰኔ ወር ከመካከላችን ብዙዎቹ ክሊራንስ ያስፈርማሉ። ቍልፉን ሲያስረክቡ ከበሩ ውጭ የሚጠብቃቸው አንድ ሰው እንዲኖር መመኘታቸው አይቀርም። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ለሌላ ሰው ያንን ሰው መሆን ለሚፈልግ፥ የሚመዘገብበት ወረቀት በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።